ከኡቡንቱ አፕግሬድ በኋላ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ሲያጣው

ሰርቨሩ የአንድ አዳማ ያለ የከባድ መኪና መለዋወጫ አስመጪ ነው። ሽያጩ፣ የመጋዘን ቆጠራውና የደንበኞች ሂሳብ በሙሉ ፖስትግሬስ በሚባል ዳታቤዝ ላይ ነው። ሱቁ በግቢው ኔትወርክ ይገባል፣ የሞጆው ቅርንጫፍ በቪፒኤን። የሰርቨሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሆነው የኡቡንቱ 20.04 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 አብቅቷል፤ እሱ ይዞት የመጣው ፖስትግሬስ 12 ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በኖቬምበር 2024 ጥገናው ቆሟል። ስለዚህ ወደ 22.04 አሻገርኩት።

መጀመሪያ በፒጂ_ደምፕኦል ትዕዛዝ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ ወስጄ ወደ ሌላ ዲስክ አዛወርኩ፤ ቅንብሮቹ ያሉበትን ኢቲሲ ፎልደርንም አብሬ። ማሽኑ ዩፒኤስ ላይ መሆኑንና ባትሪው እንደሚይዝ አረጋገጥኩ። አፕግሬዱን በኤስኤስኤች ከርቀት የሚሠራ ሰው ይህን ይወቅ፦ አፕግሬዱን የሚሠራው ዱ-ሪሊዝ-አፕግሬድ የሚባል ትዕዛዝ በፖርት 1022 ተጨማሪ መግቢያ ይከፍታል፣ ሥራውንም መስመር ቢቋረጥም በማይቆመው «ስክሪን» በሚባል ፕሮግራም ውስጥ ያካሂዳል። መስመሩ ቢቋረጥ ተመልሶ ገብቶ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ግን 1022 ፋየርዎሉ ላይ አስቀድሞ መከፈት አለበት።

መጨረሻ ላይ አሮጌ ጥቅሎችን ላጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አይ» ነው። «አዎ» ከተባለ የፖስትግሬስ 12 ፕሮግራም አብሮ ይሰረዛል፤ ዳታው ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ የሚያነበው ግን አይኖርም። ማሽኑ ላይ ያሉትን የፖስትግሬስ ክላስተሮች (የዳታቤዝ ስብስቦች) የሚዘረዝረውን ፒጂ_ኤልኤስክላስተርስ ብላችሁ «ዳውን፣ ባይነሪስ_ሚሲንግ» የሚል ካያችሁ የሆነው ይህ ነው። አትደንግጡ፣ ዳታው አልጠፋም፤ ጥቅል 12ን ከፖስትግሬስ ፕሮጀክት የራሱ ማከማቻ መልሶ መጫን ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ሲያድግ ዳታቤዙም አብሮ ያደገ እየመሰለው ነው። አያድግም። 22.04 ፖስትግሬስ 14ን ይጭናል፣ ባዶ ክላስተር ይፈጥርለታል፣ 5432 በ12 ስለተያዘ 5433 ይሰጠዋል። አሁን ሁለት ዳታቤዝ ጎን ለጎን አለ፤ አንዱ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ። የሽያጭ ፕሮግራሙ 5432 ላይ አልገባ ሲል ፖርቱን 5433 አድርጎ መሞከር ችግሩን የፈታ ይመስላል፤ ግንኙነቱ ይሳካል፣ ከዚያ ግን ፓስወርዱን አይቀበልም ወይም «ይህ ዳታቤዝ የለም» ይላል። ያን ጊዜ ነው ሰው ዳታው ጠፋ ብሎ ላብ የሚያጠምቀው።

ማሻገሩ ራሱ አጭር ነው። የ14ቱ ክላስተር በእርግጥ ባዶ መሆኑን አየሁ፤ በመሃል ሰው ጽፎበት ከሆነ ይጠፋልና ይህ አይዘለልም። በፒጂ_ድሮፕክላስተር ከ«ስቶፕ» አማራጭ ጋር 14 ሜይንን («ሜይን» የክላስተሩ ስም ነው) ሰረዝኩ፤ ቀጥሎ ፒጂ_አፕግሬድክላስተር 12 ሜይን አልኩ። ሲጨርስ አዲሱ 5432ን ይወስዳል፣ አሮጌው ወደ 5433 ይሄዳል፣ ማሽኑ ሲነሳም በራሱ እንዳይነሳ ይደረጋል። ቢያንስ የዳታውን ያህል ነፃ ቦታ ዲስኩ ላይ መኖር አለበት።

ጠዋት ሱቁ ሲከፈት «ሲስተም የለም» የሚል ስልክ መጣ። ይህ ቃል ምንም አይነግርም። ስክሪኑ ላይ ያለውን መልእክት ፎቶ አንስተው እንዲልኩልኝ ጠየቅሁ፤ ምክንያቱም መልእክቱ በትክክል ከተነበበ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ይናገራል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ማለት ማሽኑ ተገኝቷል፣ በዚያ ፖርት ላይ ግን የሚያዳምጥ የለም። «ታይምድ አውት» ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ፋየርዎል ወይም ቪፒኤን ነው። «ኖ ፒጂ_ኤችቢኤ ኢንትሪ» ከሆነ ጥያቄው ፖስትግሬስ ጋ ደርሷል፣ ማን ከየት እንደሚገባ በሚወስነው ፒጂ_ኤችቢኤ ፋይል ላይ ግን ለዚያ አድራሻ ፈቃድ የሚሰጥ መስመር የለም። «ኩድ ኖት ፋይንድ ድራይቨር» ደግሞ ዳታቤዙ ጋ ጭራሽ አልደረሰም፤ የሽያጭ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ፒኤችፒ ከ7.4 ወደ 8.1 ስላደገ የፖስትግሬስ ማያያዣውን ለ8.1 መጫን ነው።

የሱቁ መልእክት «ሪፊውዝድ» ነበር። ሰርቨሩ ራሱ ላይ ግን ፒኤስኪውኤል የሚባለው የፖስትግሬስ መግቢያ ትዕዛዝ ያለ ችግር ይገባል። ኤስኤስ በሚባለው ትዕዛዝ የሚያዳምጡትን ፖርቶች ሳይ 5432 የተያዘው ማሽኑ ከራሱ ጋር ብቻ በሚገናኝበት አድራሻ በ127.0.0.1 ብቻ ነው። የፖስትግሬስ ሎግ ምክንያቱን ጽፎታል፦ ማሽኑ ሲነሳ የኔትወርክ አድራሻውን መያዝ አልቻለም። ፖስትግሬስ በየትኞቹ አድራሻዎች እንደሚያዳምጥ በሚወስነው ሊስን_አድሬስስ ላይ ሎካልሆስት (ያው 127.0.0.1) እና የማሽኑ አይፒ ለየብቻ ተጽፈው ነበር። ሁለቱም ካልተያዙ ፖስትግሬስ አይነሳም፤ አንዱ ከተያዘ ግን ማስጠንቀቂያ ሎግ ላይ ጽፎ ይነሳል። ስዊቹ ዘግይቶ ከተነሳ ገመዱ ሕይወት ስለማያገኝ አይፒው ገና አልተመደበም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨርና ስዊች አብረው በሚነሱበት ከተማ ይህ ተደጋግሞ የሚመጣ ችግር ነው፤ ሪስታርት ሲደረግ ስለሚጠፋ ደግሞ ማንም ሥሩን አይፈልገውም። ሊስን_አድሬስስን «ሁሉም አድራሻ» የሚል ትርጉም ያለው ኮከብ ምልክት አደረግሁት፣ መግቢያውን በፋየርዎልና በፒጂ_ኤችቢኤ ገደብኩ። ኮከቡ አይፒው ገና ባይመደብም ይይዛል።

ሞጆ ላይ የነበረው ሌላ ነው፣ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልገውም እሱ ነው። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ፓስወርዷ ተረሳ ተብሎ እንዲቀየርላት ተደረገ፤ ከዚያ ወዲያ የእሷ ኮምፒውተር «ኦተንቲኬሽን ሜተድ 10 ኖት ሰፖርትድ» ይላል፣ የሌሎቹ ይሠራል። ከፖስትግሬስ 14 ጀምሮ አዲስ የሚሰጥ ፓስወርድ ስክራም በሚባል አዲስ የማመስጠሪያ ዘዴ ይቀመጣል፤ ከ12 የተሻገሩት ግን ኤምዲ5 በሚባለው አሮጌ ዘዴ እንዳሉ ናቸው። የእሷ ዊንዶውስ ላይ ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው የኦዲቢሲ ድራይቨር ከስክራም በፊት የተሠራ ነው። ስለዚህ አፕግሬዱ ቀን ሁሉም ይሠራል፤ ችግሩ ፓስወርድ በተቀየረ ቁጥር አንድ በአንድ ይወጣል፣ ማንም ከአፕግሬዱ ጋር አያገናኘውም።

መፍትሔው ድራይቨሩን ማደስ ነው። ሊብፒኪው በሚባለው የፖስትግሬስ ማገናኛ ለሚሠሩት ስሪት 10 ወይም ከዚያ በላይ፣ ለጃቫ ደግሞ ጄዲቢሲ 42.2.0 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እስኪታደስ ድረስ ለአንዱ ተጠቃሚ ፓስወርድ_ኢንክሪፕሽን የሚባለውን ቅንብር በዚያ ሴሽን ብቻ ኤምዲ5 አድርጎ ፓስወርዱን እንደገና መስጠት ይቻላል። ማን በምን እንደተቀመጠ ፒጂ_ኦትአይዲ የሚባለው ሠንጠረዥ ያሳያል። ፒጂ_ኤችቢኤ ላይ «ኤምዲ5» የሚለው መስመር ሁለቱንም ይቀበላል፤ «ስክራም» የሚለው ግን አሮጌዎቹን አይቀበልም፣ መልእክቱም የተሳሳተ ፓስወርድ ነው ይላል። ሁሉም ፓስወርድ ሳይታደስ ያንን መስመር መቀየር ሰውን ሁሉ ማስወጣት ነው።

የስም ፍለጋ ነገርም አለ። ሰርቨሩ ቀድሞ ከ18.04 ያደገ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ላይ የፊደል ቅደም ተከተልን የሚወስነው ጂሊብሲ የሚባል የሲስተም ላይብረሪ ከ2.27 ወደ 2.31 ተሻግሯል፤ 2.28 ላይ የፊደላት አደራደር ተለውጧል። በአሮጌው ቅደም ተከተል የተሠራ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) በአዲሱ ሲፈለግበት በአማርኛ የተጻፈ የደንበኛ ስም እያለ የለም ሊል ይችላል፣ ሠራተኛውም ያንኑ ደንበኛ ደግሞ ይመዘግባል። ፒጂ_አፕግሬድክላስተር በተለመደው መንገዱ ዳታውን አውጥቶ መልሶ ስለሚያስገባ ኢንዴክሶቹ አዲስ ይሆናሉ። «አፕግሬድ» የሚለውን ፈጣን ዘዴ የመረጠ ግን ፋይሎቹን እንዳሉ ያሻግራልና ሪኢንዴክስ ማድረግ፣ ማለትም ማውጫዎቹን እንደገና መሥራት ግዴታው ነው።

የ12ቱን ክላስተር ቶሎ አላጠፋሁም። ሂሳብ ክፍሉ የወር መዝጊያውን ሠርቶ ቁጥሮቹን ካመሳከረ በኋላ በፒጂ_ድሮፕክላስተር ሰረዝኩት፤ የ12ቱን ጥቅሎችም ያኔ አራገፍኩ።