ዝም የሚሉ ሰዎችን ማየት እንዴት እንደተማርሁ

በልጅነቴ በሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣብበን የምናየው የህንድ ፊልም፣ ቋንቋው ባይገባንም ታሪኩ አያመልጠንም ነበር። ክፉው ሰው ገና ሲገባ ይታወቃል፣ ዘፈን ሲጀመር ፍቅር መያዙን እንረዳለን፣ እናት ስታለቅስ አብረን እናለቅሳለን። ያን ዓይነቱን ፊልም ዛሬም እወደዋለሁ። ሆኖም የህንድ ፊልም ሁሉ እንዲያ ብቻ ይመስለኝ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን የሪቴሽ ባትራን «ዘ ላንችቦክስ» ስከፍት ሃያ ደቂቃ ያህል አይቼ «ምንም ነገር የለውም» ብዬ ዘጋሁት።

ጥፋቱ የአተያየቴ ነበር፤ በስልክ፣ ራት እየሠራሁ፣ ግርግር እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነበር ያየሁት። ከወራት በኋላ አንድ ምሽት ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። በሙምባይ ዳባዋላ የሚባሉ አመላላሾች ከየቤቱ ያነሡትን ምሳ ዕቃ በየመሥሪያ ቤቱ ያደርሳሉ። በፊልሙ ውስጥ ኢላ ለባሏ የላከችው ምሳ ዕቃ ተሳስቶ፣ ሚስቱ የሞተችበትና ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ሠራተኛውን ሆኖ የሚጫወተው ኢርፋን ካን ድርብርቡን ሳህን አንድ በአንድ እያወረደ ሲያሸትት፣ የሰውየው የብዙ ዓመት ብቸኝነት ያለ አንድ ቃል ይነገራል፤ ዕቃው ባዶውን ሲመለስላት ደግሞ ኢላ ምግቧን ጠርጎ የበላ ሰው በማግኘቷ ፊቷ ይለወጣል። በመጀመሪያው ጊዜ «ምንም ነገር የለውም» ያልሁት ይህንን ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ፊልም ሳይ «ቀጥሎ ምን ይመጣል» የሚለውን ጥያቄ ትቼ «ይህ ሰው አሁን ለምን ዝም አለ» ብዬ መጠየቅ ጀመርሁ።

ሁለተኛው የጠቀመኝ ነገር ከተዋናዩ ይልቅ የጸሐፊውን ስም መከተል ነው። በ2015 የወጣውን «ፒኩ»ን የጻፈችው ጁሂ ቻቱርቬዲ ናት፤ አሚታብ ባቻንንና ዲፒካ ፓዱኮኔን የያዘ ፊልም ቢሆንም፣ ጉዳዩ በሆድ ድርቀቱ ቤተሰቡን የሚያስጨንቅ ሽማግሌ አባትና ከዴልሂ እስከ ኮልካታ በመኪና ይዛው የምትሄድ ልጁ ናቸው። ወላጅ የሚጦር ሰው ያንን ጭቅጭቅና በውስጡ ያለውን ፍቅር ወዲያው ያውቀዋል። የእርሷን ስም ይዤ ስፈልግ በ2018 የወጣውን «ኦክቶበር»ን አገኘሁ፤ በማስታወቂያው ብቻ ቢሆን ኖሮ አልፈው ነበር።

በደርዘን ማየትንም ተውሁ። የኒራጅ ጋይዋንን «ማሳን» ባየሁበት ምሽት ወዲያው ሌላ ፊልም መክፈቴ እስካሁን ይቆጨኛል። በቫራናሲ፣ በጋንጅስ ዳር ሬሳ ከሚያቃጥል ቤተሰብ የተወለደው ዲፓክ፣ ከእርሱ ከፍ ካለ ጎሣ የሆነችውን ልጅ ይወዳል። አንድ ሌሊት በሥራው ላይ ሳለ ከመጡት አስከሬኖች በአንዱ ጣት ላይ የሚያውቀውን ቀለበት ያያል። ከዚህ በኋላ ቢያንስ አንድ ሌሊት ዝም ብሎ ማደር ይገባ ነበር፤ አሁን በሳምንት ከአንድ ፊልም አላልፍም።

በሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ የተቀዳ ድምፅም አልመርጥም፤ የኢርፋን ካን ማመንታት የሚሰማው በራሱ ድምፅ ነው። የግርጌ ጽሑፉን ማንበብ ለማይችል ሰው አጠገቡ ተቀምጦ መተርጎም ይሻላል። ለእናቴ ያደረግሁት እንደዚሁ ነው። «ዘ ላንችቦክስ»ን በአማርኛ እየነገርኋት አብረን አየነው፤ ከኢላ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ሴትዮ በመስኮት ሲጣሩና ቅርጫት በገመድ ሲያወርዱ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል፣ ፊታቸው አንድም ጊዜ አይታይም፤ ባላቸው ለዓመታት ራሱን ስቶ የጣሪያውን ማራገቢያ ትክ ብሎ እያየ የተኛ ሰው ነው። ፊልሙ አልቆ መብራት ሳበራ እናቴ ስለ ኢላም ስለ ሰውየውም አልጠየቀችኝም።

«የላይኛዋ ሴትዮ ባሏ ተነሣላት ይሆን?» አለችኝ።