ጨጓራ አለብኝ

ረቡዕ። ፍልሰታ። ዝናብ። በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር የሚወርደው ውኃ ከመኪናው ይፈጥናል። ገና 8 ሰዓት ሆኖ ሰማዩ የመሸ ይመስላል፣ ቢሮው ውስጥ መብራት በርቷል፣ ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። እንዲህ ባለ ቀን ነው ከሰው ኃይል በኩል ቅጽ የተበተነው። «የሠራተኞች ደህንነት ሳምንት» ይላል። «ደህንነት» የሚለውን ብቻ አንብበው ደንገጥ ያሉ ነበሩ፤ አልፈርድባቸውም። ኋላ ሲታይ ስለ ጤና ነው። ሳጥኖች አሉት፦ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀት፣ የወገብ ሕመም፣ ሌላ ካለ ይገለጽ።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሳጥኖቹን ሁሉ ዘለለችና «ሌላ» ላይ «ጨጓራ» ብላ ጽፋ መለሰች። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም።

«ጨጓራ አለብኝ» ሲታሰብ ያስቃል። የሌለው ማን ነው? ግን በዚህ ከተማ ቢሮዎች ውስጥ ከእሱ የተሻለ የሚያስከብር በሽታ የለም። አለቃ ሲነዘንዝ «ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። «አእምሮዬ ደከመ» የሚል ሰው ግን አነጋገሩን መርጦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ «አማኑኤል» አዲስ አበባ ውስጥ የሆስፒታል ስም ብቻ ሆኖ አያውቅማ። ስለዚህ የሥራ ምሬት ሁሉ ቁልቁል ወርዶ ሆድ ውስጥ ተቀመጠ። አሁን አሁን ልጆቹ «ስትረስ ላይ ነኝ» ይላሉ፣ ያውም ስብሰባ ላይ፣ ያውም ጮክ ብለው። ትልልቆቹ ግን አሁንም ጨጓራ ናቸው።

ፈረንጆቹ ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከቅመም ይመጣል እየተባለ ስንት ዘመን ሠራተኛው «ተረጋጋ» ሲባል ኖረ። ኋላ ባሪ ማርሻል የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ጥፋተኛው ባክቴሪያ ነው ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ያንኑ ባክቴሪያ በጥብጦ ጠጣውና የራሱን ጨጓራ አስቆጣ። ከሥራ ባልደረባው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። ባክቴሪያው ያው ሁላችን በስም የምናውቀው ኤች ፓይሎሪ ነው።

በስም እናውቀዋለን፣ ምርመራው ላይ ግን እንበላሻለን። የሚበዛው ስህተት የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል እየዋጡ የሰገራ ምርመራ መስጠት ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ሳይገድል ቁጥሩን ያሳንሰዋል፤ ውጤቱ «የለም» ይላል፣ ባለቤቱ ደስ ብሎት ይሄዳል። ከምርመራው በፊት ኦሜፕራዞል 2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ ደግሞ 4 ሳምንት መቋረጥ አለበት። የደም ምርመራው ሌላ ጣጣ አለው፦ ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት እሱን ለመዋጋት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሚያይ፣ ድሮ ታክሞ የዳነውንም «አለብህ» ሊለው ይችላል። ያንን ወረቀት ይዞ በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚታከም ሰው አለ።

ሕክምናው ብዙ ጊዜ ኦሜፕራዞል ከሁለት ፀረ ባክቴሪያ ጋር፣ ጠዋትና ማታ፣ 14 ቀን ነው። አሞክሳሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ሲሆኑ ደግሞ የኋለኛው አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ምሬት ይተዋል። በአምስተኛው ቀን ቃጠሎው ይጠፋል፣ ምሬቱ ይቀራል፣ ሰውየው ያቋርጣል። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ለምዶ ይመለሳል። ኦሜፕራዞሉም ቢሆን ከምግብ በፊት፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው፤ አሲድ የሚረጩትን ፓምፖች የሚዘጋቸው ሥራ ሲጀምሩ ነው፣ ሥራ የሚያስጀምራቸው ደግሞ ምግብ። በልተው የሚውጡት ከጥቅሙ ጥለዋል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም 8 ሰዓት ተኩል ግድም ይውሰደው። «በውኃ እኮ ነው የሚዋጠው» የሚል ካለ እሱን ከንስሐ አባቱ ጋር ይጨርስ።

በርበሬ ያቃጥላል እንጂ ቁስለት አይፈጥርም። ወተት ለጊዜው ያበርድና መልሶ አሲድ ያስረጫል። ጥቁር እንደ ሬንጅ ያለ ሰገራ፣ ደም ያለበት ትውከት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ምግብ አልወርድ ማለት ካለ ግን ጉዳዩ የኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ቱቦ የማየት) ነው፤ ተልባ እየጠጡ ቤት መቆየት አይገባም። ደረጃ ሲወጡ መጥቶ ሲያርፉ የሚለቅ «ቃር» ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል። ጨጓራ ነው ተብሎ ስንት ልብ ታልፏል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ወንበር የሚያመጣው ጨጓራ ነው። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተጣበቁ ናቸው፤ እጅ ሲመቸው አንገት ይጎብጣል። ሲቆይ ወገብ ይይዛል፣ ወገብ የያዘው ሰው መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ ይገዛል። ዳይክሎፌናክ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጠብቀውን ነገር ከምንጩ ያደርቃል። «በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለውም ሐሰት ነው፤ ጉዳቱ በደምም ይደርሳል። ሁለት እሽግ የፎቶኮፒ ወረቀት (ባለ 500ው፣ አንዱ 5 ሴንቲ ገደማ ነው) ላፕቶፑ ሥር አድርጉ። የስክሪኑ የላይ ጠርዝ ከዓይን ትይዩ፣ ርቀቱ የተዘረጋ እጅ ያህል። ግን ለብቻው ኪቦርድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ አንገትን አድኖ ትከሻን መሸጥ ነው። ቅጹ ላይ «የወገብ ሕመም» እና «ሌላ» የተባሉት ሳጥኖች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያይ ማን አለ?

ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ፣ ኢንዶስኮፒው ምንም ሳያሳይ የሚያማቸውም ብዙ ናቸው። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ ጭንቀት ከዚህኛው ጋር በእርግጥ ይገናኛል። ታዲያ እነሱ ለፈቃድ ምን ብለው ያጽፉ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሕመም ፈቃድን የመጀመሪያውን ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት በግማሽ፣ ሦስቱን ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብ። የዓለም የጤና ድርጅት በሥራ ዝሎ መቃጠልን («በርንአውት» የሚባለውን) እ.ኤ.አ. በ2019 የበሽታዎች መዝገቡ ላይ ያሰፈረው የሥራ ክስተት ብሎ ነው፣ በሽታ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የሚጽፍለት የበሽታ ስም የለውም። «ጋስትራይተስ» (የጨጓራ መቆጣት) ግን አለው። የሦስት ቀን ዕረፍት ያስገኛል፣ ማንም አያማውም። ልጆቹ በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ድፍረት ወረቀት ላይ ሲደርስ የት ይገባል?

ቅጹ እስከ 11 ሰዓት ተኩል ይመለስ ተብሎ ነበር። አሁን 11 ከ20። የእኔው ሦስተኛው የቡና ስኒ ሥር ነው፣ ምሳም አልበላሁ። ስኒው የተወው ክብ «ድካም» የሚለው ሳጥን ላይ አርፏል። እንደ ምልክት ይቆጥሩልኝ ይሆን?