ብራውዘሩ በታደሰ ማግስት አልከፈት ያለው የቢሯችን ኢሜይል

አዳማ ውስጥ በአንድ አነስተኛ የትራንዚት ቢሮ እሠራለሁ። ሥራችን ከውጭ የሚገባ ዕቃን ሰነድ አዘጋጅቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ማስጨረስ ስለሆነ፣ ኢንቮይሱም የጭነት ሰነዱም በአብዛኛው የሚደርሰን በኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉ ከተስተጓጎለ ዕቃው ወደብ ላይ በቆየ ቁጥር ክፍያው በደንበኛው ላይ ይቆጥራል። የአንድ ሰኞ ጠዋት ገጠመኜን ከነስህተቴ የምጽፈው፣ ይህ የሚደርስበት ሌላ ሰው እኔ ያባከንኩትን ግማሽ ቀን እንዳያባክን ብዬ ነው።

እሁድ ሌሊት መብራት ስለጠፋ ኮምፒውተሮቹ በድንገት ተዘግተው አድረዋል። ብራውዘሮች አዲሱን ስሪት ከጀርባ ያወርዱና ሥራ ላይ የሚያውሉት ተዘግተው እንደገና ሲከፈቱ ነው፤ እኛ ደግሞ ብራውዘሩን ለሳምንታት ሳንዘጋ እንሠራ ስለነበር፣ ሲጠራቀም የቆየው ማሻሻያ የዚያን ዕለት ጠዋት ሥራ ላይ ዋለ። ኢሜይሉን ስከፍት የመልእክቶቹ ዝርዝር ይታያል፤ የጭነት ሰነዱ የተያያዘበትን መልእክት ስጫን ግን ክቧ ምልክት እየዞረች ትቀራለች እንጂ ምንም አይከፈትም።

ከሁሉ የከፋውን ስህተት የሠራሁት በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ነው። እንዲህ ሲሆን ካሽ ማጽዳት ይበጃል ሲባል ሰምቼ ስለነበር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ተጫንኩና፣ በመጣው መስኮት ላይ ያሉትን ሳጥኖች ሳላነብ ሁሉንም መርጬ አጠፋሁ። ካሽ ገጾች ቶሎ እንዲከፈቱ የተቀመጠ ቅጂ ነው፤ ቢጠፋ ተመልሶ ይወርዳል። ኩኪም (ድረ ገጹ መግባታችንን የሚያስታውስበት ትንሽ ፋይል) ቢጠፋ እንደገና መግባት ነው። የተቀመጠ የይለፍ ቃል ግን ሌላ ነገር ነው፤ የቢሮውን የይለፍ ቃል ደግሞ ብራውዘሩ እየሞላልን ስለኖረ በቃሉ የሚያውቀው ሰው አልነበረም። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ስጫን የማረጋገጫ ቁጥሩ የተላከው ከእኛ ጋር ይሠራ ወደነበረና አሁን ሐዋሳ ወደሚኖር ልጅ ስልክ ነው። ልጁ ስልኩን እስኪያነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ቁጥሩን አንብቦልኝ ገባሁ፤ ክቧ ምልክት ግን እንደዚያው ትዞራለች።

መላው የተገኘው ከአለቃችን ነው። «ጋሼ፣ ብራውዘሩ ነው ያበላሸው» ስላቸው፣ «እስቲ ዋይፋዩን አጥፋና በስልክህ ክፈተው» አሉኝ። በስልኬ ዳታ ስሞክረው መልእክቱ ወዲያው ተከፈተ። ይህች የአንድ ደቂቃ ሙከራ አካውንታችንም ሆነ የኢሜይሉ ሰርቨር ደህና መሆናቸውንና ጥፋቱ እዚሁ ቢሯችን ውስጥ መሆኑን ነገረችኝ። ቀጥዬ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤንን ተጭኜ የግል መስኮት ከፈትሁ፤ በዚያም ኢሜይሉ ያለ ችግር ሠራ። በግል መስኮት ውስጥ ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ካልተፈቀደላቸው በቀር አይሠሩም፤ ስለዚህ ሁሉንም አጠፋሁና አንድ በአንድ እየመለስሁ ኢሜይሉን ሞከርሁ። ሦስተኛው ላይ ክቧ ተመልሳ መዞር ጀመረች፤ ማስታወቂያ እንዲከለክል ቀደም ሲል የተጫነ ኤክስቴንሽን ነበር። ከብራውዘሩ አዲስ ስሪት ጋር ስላልተስማማ አስወገድሁት።

ይህን እንደጨረስሁ የሂሳብ ሠራተኛችን «የኔም ኢሜይል እንቢ ብሏል» አሉኝ። እኔም ያንኑ ኤክስቴንሽን ፍለጋ ገባሁ፤ እርሳቸው ጋ ግን ምንም ኤክስቴንሽን አልነበረም። ደግሞም የእርሳቸው ማሽን ኢሜይሉን ብቻ ሳይሆን የባንኩንም የዜናውንም ገጽ ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይከለክል ነበር። ገጹ ሁሉ እምቢ ሲል የሚጠረጠረው ኢሜይሉ ሳይሆን ማሽኑ ነውና፣ ዓይኔ ወደ ታችኛው የስክሪኑ ጥግ ሄደ፤ ዓመቱ 2017፣ ሰዓቱም 4:10 ይላል። «ሰዓቱን እኮ ጠዋት ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉኝ። ግድግዳው ላይ ካለው የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ጋር አመሳክረው ነው የሞሉት፤ በሚያውቁት አቆጣጠር ትክክል ነበሩ። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጆቹ 2025 መሆን ነበረበት፤ ሰዓቱም ከእኛ አቆጣጠር በስድስት ሰዓት ይለያል። እያንዳንዱ ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያስረዳበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ በቀረ ማሽን ዓይን ሰርተፍኬቱ ገና ያልተሰጠ ነው። ማስጠንቀቂያውን አልፎ መግባት ይቻል ይሆናል፤ እኔ ግን የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ገጽ ላይ ፈጽሞ አላደርገውም። የሰዓት ክልሉን ከእኛ ጋር አንድ ከሆነው ናይሮቢ ከሚለው ላይ አድርጌ ሰዓቱን በራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ ሳዝዘው ሁሉም ገጽ ተከፈተ።

ሰዓቱ የተዛባበት መነሻ፣ መብራት ሲጠፋ ቀኑን የምትይዘው የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ መሞቷ ነው። ሲአር 2032 የምትባለው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት፤ ሰዓት ቤቶች ውስጥ ትገኛለች። እኔ ግን ሁለቱ ችግሮች በአንድ ጠዋት ስለታዩ ብቻ ሁለቱንም በብራውዘሩ ላይ ጭኜ ነበር።

የሚያውቀኝ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ብራውዘሩን ወደ ድሮው ስሪት እንድመልሰው መክሮኝ ነበር። አልተቀበልሁትም፤ አዲስ ስሪት ሲወጣ የተደፈኑት የደህንነት ቀዳዳዎች ለአጥቂም ስለሚታወቁ፣ ወደ ኋላ መመለስ በሩን አውቆ ክፍት መተው ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የቀሩ ሰዎች ጉዳይ ይለያል፤ ክሮም የተባለው ብራውዘር ለእነርሱ የሚሠራው እስከ 109ኛው ስሪት ብቻ ሲሆን፣ ከየካቲት 2023 በፈረንጆቹ ወዲህ አዲስ አላገኙም። እዚያ መለወጥ ያለበት ዊንዶውሱ ነው።

የጭነት ሰነዱን ስምንት ሰዓት ላይ አትመን ወደ ሞጆ ላክን። ከሰዓት በኋላ የአካውንቱን የማረጋገጫ ስልክ ወደ ጋሼ ቁጥር ቀየርሁ፤ የይለፍ ቃሉንም በወረቀት ጽፈን ቼክ ከሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ አኖርነው። የሂሳብ ሠራተኛችንም ባትሪው ማግሰኞ ከተቀየረላቸው በኋላ ግድግዳው ላይ ካለው ቀን መቁጠሪያ ሥር የፈረንጆቹን ዓመት በእስክሪብቶ ጻፉበት።