ጀርባዬ መሬት ሲነካ

አባቴ ጁጂትሱ ስወዳደር ያየኝ አንዴ ብቻ ነው። እሱም በስልክ። ልጄ ቀርጻኝ ኖሮ ለአያቷ አሳየችው። ቪዲዮው ላይ ግጥሚያው እንደተጀመረ የሰውየውን ኮሌታ ጨብጬ፣ ራሴ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እግሮቼን ወገቡ ላይ እጠመጥማለሁ። አባባ መነጽሩን አስተካከለና "ወደቅክ እኮ" አለ።

"አልወደቅኩም፤ ሆን ብዬ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ሆን ብሎ የሚወድቅ ታጋይ ደግሞ ከየት መጣ?"

አባባ ያደገው ወገራ ነው። ከብት ሲያግዱ እረኞቹ ሜዳ ላይ ትግል ይገጥሙ ነበር። ሕጉ አጭር ነው፤ የጣለ አሸነፈ። ጀርባህ ሣሩን ከነካ አለቀ። ስለዚህ ያን ግጥሚያ ከታች ሆኜ፣ በገዛ ኮሌታው አንቄ እንዳሸነፍኩ ብነግረውም ፊቱ አልተፈታም። እንዳዘነልኝ ያስታውቅ ነበር።

እኔ ወደ እስራኤል የመጣሁት እ.ኤ.አ. በ1991 በዘመቻ ሰለሞን፣ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። የሜዳ ትግል አልደረሰኝም። ዛሬ አሽዶድ ውስጥ መጋዘን ቤት ፎርክሊፍት እነዳለሁ፤ ስድስት ዓመት ደግሞ የብራዚል ጁጂትሱ ሠርቻለሁ። ቀበቶዬ ሰማያዊ ነው፤ ከነጭ ቀጥሎ ያለው። በስድስት ዓመት ሰማያዊ ብቻ? አዎ። ጀርባዬንና ፈረቃዬን ጠይቁ።

ጁጂትሱ ለማያውቅ ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነው። መጣል ነጥብ ያሰጣል፣ ግን ሁለት ብቻ። የተኛውን ሰው እግር አልፈህ ጎኑን ከያዝክ ሦስት። ደረቱ ላይ ከወጣህ ወይም ጀርባው ላይ ከተለጠፍክ አራት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማስታፕ፣ ማለትም እጅ ማሰጠት አለ። አንገቱን አንቀህ ወይም ክንዱን ቆልፈህ በእጁ መታ መታ እያደረገ "ተሸነፍኩ" ካስባልከው ነጥቡ ዋጋ የለውም፤ ተፈጸመ። ስለዚህ ከታች መሆን ሽንፈት አይደለም። ተኝተህ ትጠብቃለህ። ሰውየው ይለፋል፣ ይተነፍሳል፣ አንዲት ስህተት ይሠራል። እኔ ለዚህ የተፈጠርኩ ነኝ፤ ጠብቅ ካሉኝ እጠብቃለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሩሲያኛ ተናጋሪ የሥራ ባልደረባዬ "ወደ እኛ ና" አለኝ። እነሱ ሳምቦ የሚባል የሩሲያ ትግል ነው የሚሠሩት፤ ቦታው ምድር ቤት ያለ የቦምብ መጠለያ ነው። አሰልጣኙ ስልሳውን ያለፈ፣ ጣቶቹ የተጣመሙ ሰውዬ። የላዩ ልብስ ጊ ከሚባለው ከእኛ የጁጂትሱ ልብስ ይለያል። ቀይ ወይም ሰማያዊ ነው፤ አጭር፣ ጥብቅ፤ ትከሻው ላይ ለመያዣ የሚሆን ክንፍ አለው፤ ቀበቶው በልብሱ ቀዳዳ ውስጥ ያልፋል። ከታች ቁምጣ። እግር ላይ ደግሞ ጫማ! ስድስት ዓመት በባዶ እግር ለሠራ ሰው በጫማ ምንጣፍ ላይ መውጣት ቤተ መቅደስ በጫማ እንደ መግባት ነው።

የመጀመሪያው ግጥሚያ ላይ እንደ ልማዴ ኮሌታ ጨብጬ ቁጭ አልኩ። አሰልጣኙ ቆመ። "ደክሞሃል?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላወራ ይሻለኛል፤ ግን ላውራ። አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ሦስቴ አነሳኝ፣ ሦስቴ አፈረጠኝ። በሳምቦ ሰውን በጀርባው ጥለህ አንተ ቆመህ ከቀረህ ግጥሚያው እዚያው ያበቃል። ሌላ ነጥብ መቁጠር የለም። የአባባ ሕግ ነው! ወገራ ሜዳ ላይ የነበረው ያው ሕግ፣ ከሩሲያ ዞሮ አሽዶድ መጠለያ ውስጥ አገኘኝ።

አራተኛው ላይ እንደ ምንም ይዤው ወደቅኩ። በቃ፣ አሁን ቤቴ ገባህ አልኩ። ላንቀው ኮሌታውን ፈለግኩ። አሰልጣኙ ጮኸ፦ ማነቅ የለም። የውጊያ ሳምቦ የሚሉት ላይ ይፈቀዳል፣ በስፖርቱ ግን ክልክል ነው። እሺ አልኩና እንደ ልማዴ መጠበቅ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ "ኩም! ኩም!" የዕብራይስጡ "ኩም" የእኛው "ቁም" ነው፤ ለማንም ትርጉም አያስፈልገውም። መሬት ላይ ሥራ ከሌለህ ያስነሱሃል። ግጥሚያው አምስት ደቂቃ ነው፤ ማንም አንተን አይጠብቅም።

እግር መቆለፍ ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በተለመደው የጁጂትሱ ውድድር ሕግ ጉልበት መቆለፍ ለቡናማና ጥቁር ቀበቶ ብቻ ነው። እነሱ ጋ ተራ ነገር ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ልጁ እግሬን አቅፎ ተንከባለለ፤ እኔ ምን እየሆነ እንደሆነ እስክገነዘብ ዘገየሁና ዘግይቼ መታሁ። አንድ ወር አነከስኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ልጁ ወዲያው ለቆኛል።

የሚገርመው ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቤቱ ካኖ ጂጎሮ በ1882 ቶኪዮ ላይ የከፈተው ኮዶካን የሚባል የጁዶ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ የወጣው ጃፓናዊው ማኤዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ ከእሱ የተማረው ካርሎስ ግሬሲ ነው፤ የብራዚል ጁጂትሱ ከዚያ ቤተሰብ ወጣ። ኦሽቼፕኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ደግሞ በ1911 ኮዶካን ገብቶ በ1913 ጥቁር ቀበቶ አገኘ። አገሩ ተመልሶ አስተማረ፤ ሳምቦ የበቀለው ከዚያ ነው። በ1937 የጃፓን ሰላይ ነህ ተብሎ ታሰረ፤ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። በቀጣዩ ዓመት ሳምቦ በሶቪየት መንግሥት በይፋ እውቅና አገኘ፤ የሰውየው ስም ግን አይነሳም ነበር። የእኛ አሰልጣኝ ስሙን የሰማው ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ነው። ይህን ሲነግረኝ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ቀና አላለም።

አንድ የክንድ መቆለፊያ አለ፤ የሰውየውን ክንድ አጥፈህ ወደ ጀርባው የምትጠመዝዘው። ጁጂትሱ ቤት ኪሙራ ይባላል። ጃፓናዊው ኪሙራ በ1951 ማራካና ስታዲየም ሄሊዮ ግሬሲን በዚህ ክንዱን ሰበረው፤ ሄሊዮ እጅ አልሰጥም ስላለ ፎጣ የወረወረው ወንድሙ ካርሎስ ነው። ከዚያ መቆለፊያውን በአሸናፊው ስም ጠሩት። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ሩሲያኖቹ ጋ "ኡዜል" ነው፤ ቋጠሮ ማለት። እንደ እኔ ቋጠሮ ይሻላል፤ ስትያዝ በትክክል እንደዚያ ነው የሚሰማህ።

የቱ ይበልጣል ትሉኛላችሁ። ለአርባ ሦስት ዓመት ጉልበት ጁጂትሱ። በሳምንት አራት ቀን ሠርቼ ጠዋት ሥራ እገባለሁ፤ ሳምቦ ግን መውደቁ ብቻውን ያደቅቃል፣ በሳምንት ከአንድ ረቡዕ በላይ አልችለውም። ነገር ግን አንድ ነገር ልመን፤ እኛ ጁጂትሱ ቤት ተሞላቅቀናል። ቦታ ይጠባል እያልን ልምምዱን ከተንበረከክንበት እንጀምራለን። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው በወጉ ጥዬ አላውቅም ነበር።

የሳምቦ ጃኬቴን የገዛሁ ቀን ለአባባ አሳየሁት። ሕጉን ነገርኩት። "በጀርባው ጥለህ ቆመህ ከቀረህ አበቃ" ስለው ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። "እና ይህን ትተህ ነው ስድስት ዓመት ስትተኛ የኖርከው?" አለ። ከዚያ ተነሳ፤ ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው። ጃኬቱን አስለበሰኝ፣ የትከሻውን ክንፍ ያዘ፣ ተረከዙን ከእግሬ ኋላ አስገባ። እማማ ከኩሽና "ስኒዎቹን! ስኒዎቹን አንሱ መጀመሪያ!" እያለች መጣች።