አውድማው ክብ ነው

ትናንት ማታ ደብረ ማርቆስ፣ ዶርም ውስጥ፣ ከጓደኛዬ ጋር ተከራከርን። የቤንዚንን ኦርቢታሎች (ኤሌክትሮኖች የሚገኙባቸውን ስፍራዎች የሚገልጹ ቅርጾች) በእጃችን እየሰራን ነበር። መኪና የሚጠጣውን ቤንዚን ማለቴ አይደለም፤ ስድስት ካርቦን ያለውን ቀለበት ነው። ዘዴው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኤሪክ ሁክል በ1931 ያወጣው ነው።

የኃይል ደረጃዎቹ ላይ ተስማማን። ከታች አልፋ ሲደመር 2 ቤታ አለ (አልፋ ኤሌክትሮን በአንድ ካርቦን ላይ ብቻ ሲሆን ያለው ኃይል፣ ቤታ የጎረቤት ካርቦኖች ትስስር ነው፤ ቤታ ኔጌቲቭ ነው)። ከሱ በላይ አልፋ ሲደመር ቤታ፣ ሁለት ጊዜ። ጭቅጭቁ እዚህ ተነሳ። ኃይላቸው እኩል ነው፣ ዲጀነሬት ናቸው። ለየካርቦኑ አንድ አንድ ካሉት ስድስት እኩልዮሾች እርስ በርስ ነጻ የሆኑት አራቱ ብቻ ስለሆኑ ሁለት ኮኤፊሸንት (የአንድ ካርቦንን ድርሻ የሚሰጥ ቁጥር) ራስህ ትመርጣለህ። እኔ መጀመሪያ 1 እና 0፣ ቀጥሎ 0 እና 1 አልኩ። እነዚህ ወጡልኝ፦

1፣ 0፣ -1፣ -1፣ 0፣ 1
0፣ 1፣ 1፣ 0፣ -1፣ -1

ሁለተኛው ከጓደኛዬ ጋር አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን እሱ ጋ 2፣ 1፣ -1፣ -2፣ -1፣ 1 ነው።

«ኧረ ተሳስተሃል!» አለኝ። መልሼ እኩልዮሹ ውስጥ ከተትኩት፤ ልክ ነው። ግራ ገባኝ። እሱ ተኛ፣ እኔ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በኋላ ሁለቱን የኔን መስመሮች ቁጥር በቁጥር አባዝቼ ደመርኩ። ዜሮ መሆን ሲገባው -2 መጣ። ለካ ኦርቶጎናል (እንዲህ ተባዝተው ሲደመሩ ዜሮ የሚሰጡ) አይደሉም! የሁለተኛውን ግማሽ በመጀመሪያው ላይ ደመርኩና በ2 አበዛሁት። የሱ መልስ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ የየመስመሩ ስኩዌሮች ድምር 1 እንዲሆን አንዱን ለ12 ስኩዌር ሩት፣ ሌላውን ለ2 ማካፈል ብቻ ነው የቀረው።

ልጅ እያለሁ ደጀን አውድማ ላይ በሬ እነዳ ነበር። ክብ ላይ መጀመሪያ የሚባል ቦታ የለም፤ የቆምክበት ነው መጀመሪያህ። ይሄም ቀለበት እንደዚያው ነው። የትኛው ካርቦን «1» እንደሚባል የምንወስነው እኛ ነን፤ ስዕሉም ከምርጫችን ጋር ይዞራል። አንዳንድ መጻሕፍት ግን የእኩል ኃይል ጥንዱን ሌላ መልክ የሌለው አስመስለው ይስሉታል። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ስንት ሌሊት በተረፈኝ።

የማይዞር ነገርም አለ። የሁለቱን ኮኤፊሸንቶች ስኩዌር በየካርቦኑ ደመርኩ። አንደኛው ላይ 4/12 ሲደመር 0። ሁለተኛው ላይ 1/12 ሲደመር 1/4። ሁለቱም 1/3! ስድስቱንም አየኋቸው፣ ሁሉም 1/3 ናቸው። ለብቻዬ ሳቅኩ።

ጠዋት ስነግረው መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳ። አሁን ከሦስተኛው ካርቦን ጀምሮ እየቆጠረ ነው።