ጠባሳ ለማንበብ ሐዋሳ

ከሐዋሳ ሐይቅ አሞራ ገደል ዳርቻ በጀልባ የተነሣነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት ለብርሃኑ ስል ነው። በዚያን ጊዜ ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ፀሐይዋም ከጎን ስለምትመጣ ቆዳ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ የራሷን ጥላ ትጥላለች። ከረፋዱ በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ጀልባው ይናወጣል፣ ፀሐይም አናት ላይ ስትወጣ ጎድጓዳውና ሜዳው በፎቶ ላይ አንድ ይሆናሉ። ጠባሳ ለማየት የመጣ ሰው እስከ 3 ሰዓት ሥራውን መጨረስ አለበት።

ጉዳዬ ሻርክ በትልልቅ ዓሣ ነባሪዎች ገላ ላይ የሚተወው ጠባሳ ነው። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ለዚህ ምን ይረባል ለሚል፣ መልሱ ጉማሬ ነው። በየብስ ከሚረግጡ እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ በሥጋ ዘመድነት የሚቀርብ እሱ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ግንድ ከተለያዩ ወደ 55 ሚሊዮን ዓመት ይሆናቸዋል። ሁለቱም ጠባሳ የሚሸፍን ፀጉር የላቸውም። ሁለቱም ጀርባቸውን ለጥቂት ሰከንድ ብቅ አድርገው ይሰወራሉ። ውቅያኖስ ለሌለው ሰው ዓይኑን የሚያለማምድበት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

ባለ ጀልባው መንጋውን ከሩቅ ሲያሳየን ሞተሩን አስጠፋሁት። ከ50 ሜትር በታች አልተጠጋንም፤ ጀልባው በጉማሬዎቹና በጥልቁ ውኃ መካከል እንዳይገባም አጥብቄ ለመንኩት። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ስለሆነ መንገዱን የዘጋ ጀልባ ይገለበጣል። አንድ ጊዜ ከሰጠመ እስከ 5 ደቂቃ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ የት ብቅ እንደሚል መገመት አይቻልም። ካሜራው ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይፈልጋል፤ የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ 1/1000ኛ ካነሰ ምስሉ ይደበዝዛል።

የጉማሬ ጠባሳ ረጅም ነው። በጎኑ፣ በታፋውና በአንገቱ ላይ የተጋደመ፣ ቀጥ ያለ ወይም ትንሽ የተለመጠ መስመር ሆኖ ይታያል፤ የሌላ ወንድ ጉማሬ ክራንቻ እንደ ጩቤ ሸርክቶት ሲያልፍ የቀረ ነው። ክራንቻው እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ስለሚደርስ ይሰነጥቃል እንጂ ሥጋ ቦጭቆ አያወጣም። ጀማሪን የሚያሳስተው ግን ቀዩ ፈሳሽ ነው። ከጉማሬ ቆዳ የሚመነጨው ቀይ ወዝ ደም አይደለም፤ ከፀሐይ የሚከላከልና ባክቴሪያን የሚገታ ቅባት ነው። ስለዚህ ቀለሙን ትቶ ጠርዙን ማየት ያስፈልጋል፤ ቁስል ጠርዝ አለው፣ ወዙ ግን ጠርዝ የለውም።

ይህን መስመር በልብ ይዞ ወደ ዓሣ ነባሪው ጀርባ የሚሻገር ሰው ፈጽሞ ሌላ ቅርጽ ያገኛል፤ ክብ ወይም እንቁላል መሰል ጉድጓድ። ሞቃት ባሕር በሚያዘወትሩ ዓሣ ነባሪዎች ላይ እንዲህ ያለው ምልክት በብዛት ይገኛል። ሠሪዋ ኩኪከተር ሻርክ ትባላለች፤ ስሟ የብስኩት ሊጥን በክብ ከሚቆርጠው ቅርጽ ማውጫ የተወሰደ ነው። ወንዱ እስከ 42፣ ሴቷ እስከ 56 ሳንቲ ሜትር ታድጋለች፤ በእኛ አለካክ አንድ ክንድ ገደማ ናት። የሐዋሳ ሐይቅ ጥልቁ ቦታ 22 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ እሷ ግን ቀኑን ከ1,000 ሜትር በታች ውላ ሲመሽ ወደ ላይ ትወጣለች።

አነካከሷን ዋግምት ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። ወፍራም ከንፈሯን በቆዳው ላይ ትለጥፍና ምላሷን ወደ ኋላ ስባ ትመጣለች። ቀጫጭኖቹ የላይ ጥርሶች ይተከላሉ፤ እንደ መጋዝ የተያያዙት ትልልቅ የታች ጥርሶች ይቆርጣሉ። ገላዋን ስታሽከረክር ሥጋው እንደ ቡሽ ተነቅሎ ይወጣል። የሚቀረው ጉድጓድ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይኖረዋል፤ አፉ ከሻይ ብርጭቆ አፍ ጋር ይቀራረባል። የታች ጥርሶቿ እርስ በርስ ስለተቆላለፉ አንድ በአንድ አይወልቁም፤ ረድፉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይረግፍና ትውጠዋለች። ትልቁን ዓሣ ነባሪ ይህ አይገድለውም፣ ጮማው ወፍራም ነውና።

ይህ ጉድጓድ ለብዙ ዘመን በባክቴሪያና በተጣባቂ ተውሳክ ሲመካኝ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1971 ኤቨረት ጆንስ የተባለ ተመራማሪ የሻርኳን አፍ ከጉድጓዱ ጋር አስተያይቶ ጽፎ ነው ነገሩ የጠራው። በዚያው ዐሥርት ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች በድምፅ የሚቃኙበት መሣሪያ የጎማ ሽፋን እየተበሳ ዘይቱ ሲፈስ ሠሪዋ እሷው ሆና ተገኘች።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው የዚህ ጠባሳ ጥቅም መንገድ መናገሩ ነው። ሻርኳ በአንታርክቲክ ብርድ ውስጥ አትኖርም። እዚያ የታየ ዓሣ ነባሪ ይህ ክብ ጠባሳ ካለበት፣ ሞቃት ባሕር ደርሶ የመጣ ነው። ምልክት ሳያስሩበት፣ ሳይነኩት፣ ገላው ራሱ የት እንደነበረ ይመሰክራል።

የትልቅ ሻርክ ንክሻ ግን ክብ አይደለም። የነጭ ሻርክ ወይም የታይገር ሻርክ አፍ እንደ ማጭድ የታጠፈ ቅስት ይተዋል፤ በቅስቱ ላይ የጥርሶቹ ነጥቦች ተከታትለው ይታያሉ። እነዚህ ሻርኮች የሚያዘወትሩት የሞተውን፣ የታመመውንና ግልገሉን ነው። ስለዚህ በሬሳ ላይ ቅስት አይቶ «ሻርክ ገደለው» ማለት ችኮላ ነው። ጠርዙ ድኖ ከተድቦለቦለ በሕይወቱ ተነክሶ ተርፏል ማለት ነው፤ ስል ሆኖ ከቀረ ከሞተ በኋላ የተበላ ሊሆን ይችላል።

ከሻርክ ጋር የሚምታቱ ሌሎችም አሉ። ኦርካ የተባለው አዳኝ የባሕር አጥቢ ዓሣ ነባሪውን በጥርሱ ሲያበጥረው ጎን ለጎን የሚሄዱ ጭረቶች፣ በተለይ በጅራቱ ክንፍ ላይ ይቀራሉ። ከመርከብ ኋላ በውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው መዘውር በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥልቅ ቁርጦችን ይተዋል። ገመድ የጅራቱን ሥር ዙሪያውን ይበላዋል። ሃምፕባክ በሚባለው ዓሣ ነባሪ አገጭና ክንፍ ላይ የሚጣበቀው ባርናክል የተባለ ባለ ቅርፊት ትንሽ የባሕር እንስሳ ሲረግፍ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ይህኛው ቀለበት ብቻ ነው፣ ጉድጓድ የለውም። በጠዋት ፀሐይ ለምን እንደተነሣሁ የሚገባው እዚህ ጋ ነው፤ ቀለበትን ከጉድጓድ የሚለየው ጥላ ነው።

በ3 ሰዓት ወደ አሞራ ገደል ተመልሰን የመለካት ልምምዱን በዓሣ ገበያው ላይ ሠራሁት። ቆሮሶ ቅርፊት ስላለው አይመችም፤ አምባዛ ቆዳው ልሙጥ ነው። አንድ አምባዛ ገዝቼ ዓሣ የሚያጸዳውን ልጅ የለስላሳ ቆርኪ ጎኑ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በቢላ እንዲያስምርልኝ ጠየቅኩት። ቆርኪ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ልክ ከፊት ለፊቱ ሲነሣ ክብ ነው። ካሜራው 45 ዲግሪ ሲያዘነብል አንዱ ስፋት ወደ 23 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ 60 ዲግሪ ላይ 16 ብቻ ይሆናል። ክቡ እንቁላል ሆነ ማለት ነው፣ ቁስሉ ግን አልተለወጠም። የማያጥረው ረጅሙ ስፋት ነውና መለካት ያለበት እሱ ነው።

ሌላው ስሕተት መለኪያውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቆርኪው ከአምባዛው ጎን ላይ ወርዶ ጣውላው ላይ ሲሆን ከካሜራው ስለሚርቅ ያንሳል፤ ቁስሉም ከእውነቱ የገዘፈ ይመስላል። በባሕር ላይ ቆርኪ የሚያስቀምጥ ስለሌለ በ10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው የሚሄዱ ሁለት ትይዩ የሌዘር ነጥቦች ገላው ላይ ይጣላሉ፤ ዓይኑን ግን ፈጽሞ መንካት የለባቸውም። በድሮን ከሆነ ከፍታው በትክክል ይመዝገብ፤ 20 ሜትሩ 22 ተብሎ ከተጻፈ 5 ሳንቲ ሜትር የነበረው 5.5 ይሆናል።

ጠባሳው ራሱም ባለበት አይቆይም። መጀመሪያ ክፍት ጉድጓድ ነው፤ ከዚያ ከታች እየሞላ ይሰረጉዳል፤ በመጨረሻ ከአካባቢው ቆዳ ቀለሙ የተለየ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። በግልገልነቱ የተነከሰ ከሆነ ቆዳው ሲለጠጥ ጠባሳውም አብሮ ይለጠጣል፤ ስለዚህ የተለጠጠውን ትልቅ ጠባሳ የትልቅ ሻርክ አፍ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ማታ ፎቶዎቹን ሳስተካክል በእያንዳንዱ ፋይል ስም መጀመሪያ ያስገባሁት ግራ ወይም ቀኝ የሚለውን ነው። የአንድ እንስሳ ሁለት ጎን የተለያየ ጠባሳ አለው፤ ጎኑ ያልተጻፈበት እንስሳ ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ከጠዋቱ 41 ፎቶዎች 6ቱ ጎናቸው ስላልታወቀኝ ከቆጠራው አወጣኋቸው።