የ«ይበልጣል»ና የ«ያንሳል» ሰንሰለት

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን ልጆች ጋር አፕቲቲዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ጥያቄ) እንሠራለን። ገሚሱ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው፤ ገሚሱ ተመርቆ የባንክ ቅጥር ፈተና የሚጠብቅ። የባንኮቹ ልጆች በቴሌግራም ከሚቀባበሏቸው ጥያቄዎች ብዙዎቹ የህንድ ናቸው። እዚያ የባንክ ፈተና ላይ የምልክት ሰንሰለት የተለመደ ጥያቄ ነው።

ይህችን እንያት። ሰንሰለቱ እውነት ነው ተብሎ ይሰጣል፤ ጥያቄው ከድምዳሜዎቹ የግድ እውነት የሚሆነው የትኛው ነው የሚል ነው (≥ ማለት «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ማለት ነው)፦

ሀ > ለ ≥ ሐ = መ

ድምዳሜ 1፦ ሀ > መ
ድምዳሜ 2፦ ለ > መ

የመጀመሪያው ልክ ነው። ምልክቶቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያያሉ፣ በመንገዱ ላይ ደግሞ አንድ ጥብቅ «ይበልጣል» አለ። ሁለተኛው ላይ ግን ሁሌም ክርክር ይነሳል። «ለ» ከ«መ» ሊበልጥ ይችላል እኮ! አዎ፣ ይችላል። ግን የግድ ነው ወይ? ሁሉንም 5 አድርጉ፣ «ሀ»ን ብቻ 6። የተሰጠው ሁሉ እውነት ሆነ፣ ድምዳሜው ግን ወደቀ። አንድ እንዲህ ያለ ምሳሌ ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

ለዚህ ነው ሾርትከት ከማስሸምደድ ይልቅ ቁጥር ማስገባትን የማስቀድመው። ሾርትከት ፈተና ክፍል ውስጥ ድንገት ይጠፋል። ቁጥር ግን የትም አይሄድም።

ሰንሰለቱ ሲበጠስስ፣ ማለትም ምልክቶቹ ወደተለያየ ወገን ሲያዩስ? ረ < ሰ > ቀ እንበል። አበበ ከከበደ ያጥራል፣ ጫላም ከከበደ ያጥራል። ከአበበና ከጫላ ማን ይረዝማል? አይታወቅም። «ረ»ና «ቀ»ም እንደዚያው ናቸው።

አሁን ብዙ ጎበዝ ልጅ ነጥብ የሚጥልበት ቦታ ደረስን። ከላይኛው ሰንሰለት «ለ > መ» እና «ለ = መ» የሚሉ ሁለት ድምዳሜዎች ቢሰጡን፣ ለየብቻ ሁለቱም እርግጠኛ አይደሉም። ነገር ግን ለ ≥ መ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ እውነት ነው፤ መልሱም «ወይ 1 ወይ 2» የሚለው ነው።

ይህ በተበጠሰው ሰንሰለት ላይም ይሠራል። ድምዳሜዎቹ «ረ ≥ ቀ» እና «ረ < ቀ» ከሆኑ ከእነዚህ ውጪ የቀረ ነገር የለም፣ አንዱ መሆኑ አይቀርም። «ረ > ቀ» እና «ረ < ቀ» ከሆኑ ግን እኩል የሚሆኑበት ዕድል ተዘሏል። ስለዚህ «ወይ 1 ወይ 2» ማለት አይቻልም። ልዩነቷ ከምልክቱ ሥር ያለችው ትንሽ ሰረዝ ናት። ደስ የምትለኝም እሷው ናት፤ ልጆቹ እሷን ማየት ሲጀምሩ አነባበባቸው ራሱ ይለወጣል።

ምልክቶቹ በኮከብና በዶላር ምልክት ተተክተው ከመጡ አትደንግጡ። መጀመሪያ ዳር ላይ ወደምታውቁት ምልክት መልሷቸው። ጥያቄው ላይ የተሰጠው የምልክቱ ፍቺ «አያንስም» ካለ ≥ ነው፣ «አይበልጥም» ካለ ≤። «አይበልጥም፣ አያንስምም» ካለ እኩል ነው።

ይህችን ለብቻችሁ ሞክሩ፦

ወ ≤ ዘ = የ < ደ ≥ ገ

ድምዳሜ 1፦ ደ > ወ
ድምዳሜ 2፦ ገ > ወ

ሁለተኛው ላይ ቁጥር አስገቡበት።